ጋሼ ብሬከሩን ሲቀይሩ ዝም አልኩ

ጤና ይስጥልኝ። ይኼን ዓምድ ያስለመደችኝ እናቴ ናት። እሷ ማንበብ ስለሚከብዳት እኔ ነኝ ጮክ ብዬ የማነብላት። ይቺን ደብዳቤ ግን ሳላሳያት ነው የጻፍኩት።

የ21 ዓመት ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብቼ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ እየተማርኩ ሌቭል 3 ደርሻለሁ። ለመጨረስ 5 ወር ቀርቶኛል፤ ከዚያ ሲኦሲ የሚሉት የሙያ ብቃት ምዘና አለ። ክፍል ውስጥ ጎበዝ ከሚባሉት ነኝ። ስሌቱ ይገባኛል፣ ዲያግራም እስላለሁ፣ ጓደኞቼ ለፈተና የሚያጠኑትም ከእኔ ደብተር ነው። የኔ ችግር እጄ ነው። ወርክሾፓችን ውስጥ ለ38 ልጅ የሚሠሩት ቦርዶች 4 ብቻ ናቸው። አስተማሪው ይሠራል፣ እኛ ከኋላ ተንጠራርተን እናያለን። ለትብብር ስልጠና ድርጅት ስንመደብ ደግሞ ወንዶቹ ሳይት ወጡ፤ እኔ «ጽሕፈትሽ ያምራል» ተብዬ ስቶር ውስጥ አምፖልና ሶኬት ስቆጥር ሁለት ወር አለፈ።

እንዲህ ሆኜ እንዳልቀር ብዬ ከሦስት ወር ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ለአንድ ጎረቤታችን ረዳት ሆኛለሁ። ጋሼ ነው የምላቸው። የሙያ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ ከ20 ዓመት በላይ በዚህ ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ኮንዲዩት (ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ) ውስጥ ሽቦ ሳቢ አሉኝ። መሳቢያው ማጠፊያው ላይ እየተቀረቀረ አልወጣ አለኝ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ታገልኩ። ጋሼ መጡና ጫፉን ቀልበስ አድርገው በናስትሮ አድበልብለው ጠቀለሉት። ሁለት ሦስቴ ገፋ መለስ ሲያደርጉት ወጣ። ግንበኞቹ «ኢንጂነርዬ፣ ይኼን አላስተማሩሽም እንዴ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ኢንጂነር ነው።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝን ልንገርዎት። ከአሥር ቀን በፊት እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት ሴትዮ ቤት ተጠራን። ሁለተኛ ምጣድ ገዝተዋል፤ ሁለቱ እኩል ሲሰኩ የ16 አምፔሩ ብሬከር ይወርድባቸዋል። ጋሼ 16ቱን አወጡና በ32 ቀየሩት። ከዚያ በኋላ አልወረደም። ሴትዮዋ መርቀው፣ ከፍለው ሸኙን። እኔ ግን ግድግዳው ውስጥ የገባው ሽቦ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መሆኑን አይቻለሁ። ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት «ኮንዲዩት መሳብ ያቃታት» የሚሉኝ መሰለኝ። ዝም አልኩ።

በማግስቱ ጋሼ ጠሩኝና «ያን ወረቀት ተይና ከኔ ጋር ሙሉ ጊዜሽን ሥሪ። በቀን 450 ብር እከፍልሻለሁ፤ በስድስት ወር ባለሙያ አደርግሻለሁ። ወረቀት ሽቦ አይስብም» አሉኝ። እናቴም እንጀራ ጋግራ ነው የምታሳድገን፤ አሁን ወገቧ እምቢ ብሏታል። ታናሽ ወንድሜ 8ኛ ክፍል ነው። 450 ብር ለቤታችን ትልቅ ነገር ነው። ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ እዚያ ክፍል ተቀምጬ ከተማርኩት ሁሉ እነዚህ ሦስት ወራት የበለጠ ያስተማሩኝ ይመስለኛል። አቋርጬ ልውጣ? ወይስ በወረቀት ብቻ ባለሙያ ሆኜ ልቅር?

ኢንጂነር ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን

ልጄ፣

የሴትዮዋን ነገር ዓምዱ እስኪወጣ ሳልጠብቅ በስልክ ተነጋግረንበታል። ሄደሽ «ሁለቱን ምጣድ እኩል አይሰኩ» እንዳልሻቸውና እሳቸውም ለጊዜው አንዱን ነቅለው እንዳስቀመጡ ስትነግሪኝ እፎይ ብያለሁ። እዚህ የምመለስበት አንድም ይኼን የሚያነብ ሌላ ሰው ቤት ሁለት ምጣድ ሊኖር ስለሚችል፣ አንድም የጥያቄሽ መልስ ያለው እዚያው ብሬከሩ ጋ ስለመሰለኝ ነው።

እኔ አምፖል ከመቀየር ያለፈ ሙያ የለኝም። ስለዚህ ስምሽንም ከተማሽንም ደብቄ ደብዳቤሽን ለአንድ የማውቃቸው፣ በሥራው 30 ዓመት ለቆዩ ባለሙያ አነበብኩላቸው። ቡና እየጠጡ ነበር። «16ቱን አወጡና በ32 ቀየሩት» የሚለው ጋ ስደርስ ሲኒያቸውን አስቀምጠው እስክሪብቶ ጠየቁኝ። የፖስታሽ ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመሩ። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ነው። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር አካባቢ ይመጣል። ሁለት ምጣድ 32። ከሥሩ አሰመሩበትና «ብሬከር የተቀመጠው ምጣዱን ሊጠብቅ አይደለም፤ ሽቦውን ሊጠብቅ ነው» አሉኝ። ይኼን በዚህ ዕድሜዬ አላውቀውም ነበር። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ 2.5 ሽቦ 20 አምፔር አካባቢ ቢችል ነው፤ 32 ሲያልፍበት ይግላል። ሙቀቱ ደግሞ ከፍሰቱ ጋር እኩል አይሄድም፤ ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አሮጌው ብሬከር ይወርድ የነበረው ተበላሽቶ አይደለም፤ የተቀጠረበትን ሥራ እየሠራ ነበር።

«ሽቦ ግድግዳ ውስጥ ሆኖ ሲያልበው ማን ያየዋል?» አሉ ባለሙያው። መጀመሪያ የሚያሳብቀው ሶኬቱ ነው። ነጩ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። እግረ መንገድሽን፣ እናትሽ ምጣዷን የምትሰካበትን ሶኬት ዛሬ ማታ እይልኝ።

እንግዲህ እኚህ ሰው እስክሪብቶ ተውሰው ያሰሉትን አንቺ ሴትዮዋ በር ላይ ቆመሽ አይተሽዋል። በቦታው ከነበራችሁት ሰዎች ሁሉ ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ። የ20 ዓመት ልምድ ያላቸው ጋሼ አላዩትም። ይኼ ለምን ሆነ ብለሽ ራስሽን ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ጋሼ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። ግድየለሽ ስለሆኑም አይመስለኝም፤ እንዲያ ቢሆኑ አንቺን ለማስተማር ባልተጨነቁ ነበር።

እኔ የሚመስለኝን ልንገርሽ። እጅ የሚማረው ወዲያው ከሚመለስ ስሕተት ነው። መሳቢያው ከተቀረቀረ እዚያው ታውቂዋለሽ፤ ግንበኛ ይስቅብሻል፣ ክንድሽ ይዝላል፣ በሚቀጥለው ቀን ጫፉን ሳታድበለብዪ አታስገቢም። ጋሼ ሙያቸውን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው፤ ጥሩ አድርገው ነው ያገኙትም። ወዲያው የማይመለስ ስሕተት ግን አለ። 2.5 ሽቦ ላይ 32 ብሬከር የገጠመ ሰው በዚያ ቀን የሚያየው መብራቱ ሳይጠፋ፣ ምጣዱ ግሎ፣ ሴትዮዋ ሲመርቁት ነው። ሽቦው ውስጥ ውስጡን ሲበስል ከርሞ አንድ ቀን ቢያቃጥል ደግሞ ሰፈርተኛው «ኮንታክት ነው» ይላል፤ ነገሩ ያልቃል። ወሬው ጋሼ ጋ ቢደርስ እንኳ «እግዜር ያጽናቸው» ብለው ያልፉ ይሆናል እንጂ የራሳቸው ብሬከር ትዝ አይላቸውም። ሃያ ዓመት ቢሠሩ፣ ሠላሳም ቢጨምሩበት፣ ያ ስሕተት ተመልሶ አያስተምራቸውም። እንዲህ ያለውን ነገር ቀድሞ የሚነግርሽ ያ የሰለቸሽ ክፍል ነው፤ ደብተርሽ ውስጥ ያለው ስሌት።

«ሦስቱ ወር የበለጠ አስተማረኝ» ያልሽው ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። እጅሽ በሦስት ወር ውስጥ ብዙ ተምሯል። ግን ክፍሉ ያስተማረሽን የማትቆጥሪው ሳይታወቅሽ ስለምትጠቀሚበት ነው። ሽቦውን አይተሽ የደነገጥሽው በምን ይመስልሻል?

አሁን ወደ ዝምታሽ ልምጣ፤ ከጥያቄሽ ሁሉ ይኼ ነው ልቤን የነካው። ያን ቀን የፈራሽው በእርግጥ ጋሼን ነበር? ወይስ «እጄ እስኪፈጥን ድረስ የማውቀው ነገር የኔ አይደለም» የሚል ሐሳብ ነው የያዘሽ? ኮንዲዩት መሳብ አለመቻልሽና የሽቦውን አቅም ማወቅሽ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ስላልተሳካልሽ ሁለተኛውን የመናገር መብት አላጣሽም። ግንበኞቹ ኢንጂነር ይበሉሽ፤ እነሱ የሳቁት ስለ አንድ ማጠፊያ ነው። አንቺ ግን ያንን ሳቅ ተሸክመሽ ሴትዮዋ ቤት ድረስ ወሰድሽው።

ስልክ ላይ «ለጋሼ ምን ብዬ ልንገራቸው?» ብለሽኝ ነበር። ሰው ባለበት አይሁን፤ ግንበኞቹም ሴትዮዋም ከሌሉበት። ጠዋት ዕቃ ስትሸክፉ፣ ወይ ማታ ወደ ቤት ስትሄዱ። «ተሳስተዋል» የሚለውን ቃል ተይው። እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦ «ጋሼ፣ የእነዚያ የሁለት ምጣዷ ሴትዮ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። መስመሩ 2.5 ነበር መሰለኝ፤ ሁለቱ እኩል ሲሰኩ ደግሞ 32 አምፔር ነው። አብረን ሄደን ብናየው?» አብረን የምትለዋን አትርሻት። ሽቦው ሲታይ ራሱ ይናገራል።

አንድ ብልጠትም ልጨምርልሽ፤ ባለሙያው ናቸው የነገሩኝ። ትክክለኛው ጥገና ለጋሼ ተጨማሪ ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ ምጣድ ብሬከሮቹ ካሉበት ቦርድ የሚነሳ የራሱ መስመር ይዘረጋል፤ በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ በየራሱ የ20 አምፔር ብሬከር፣ ኧርዙም (የመሬት ሽቦው) ሳይዘለል። ያ የነበረው መስመር ወደ 16ቱ ይመለሳል። ከቆጣሪው የሚመጣው ገመድ ሁለቱን ምጣድና የቤቱን ሌላ ዕቃ መቻሉም ይታያል፤ ካልቻለ ሴትዮዋ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሄደው አቅም እንዲጨመርላቸው ማመልከት አለባቸው። ይኼ ሁሉ የሚከፈልበት ሥራ ነው። ሴትዮዋም ወጪው ቢከብዳቸው ከአቅማቸው ጋር ቀስ እያሉ ያሠሩት፤ እስከዚያ አንድ ምጣድ ይበቃል።

ጋሼ ቢቆጡስ? ሊቆጡ ይችላሉ። «ልጅ መጥታ ልታስተምረኝ» ሊሉ ይችላሉ። እንደዚያ ከሆነ አትከራከሪ፤ ግን ሴትዮዋ ሌላ ባለሙያ እንዲጠሩ ንገሪያቸው። የረዳትነቱን ሥራ ሊያሳጣሽ ይችላል፤ አይደርስም ብዬ አልዋሽሽም። ሆኖም ባለሙያው ደብዳቤሽን ሰምተው ሲጨርሱ የነገሩኝን ልንገርሽ። እሳቸውም በጉብዝናቸው ዘመን ቫልቮላ ሲቃጠልባቸው ከሽቦ ላይ ክር መዝዘው ይጠመዝዙበት ነበር። የተዉት አማታቸው ቤት ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳው ከጠቆረ በኋላ ነው። «አማቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው ቤታቸው ሽቦ አላስነኩኝም» ብለው ሳቁ። ሰው ይለወጣል። ጋሼም እስካሁን የነገራቸው ሰው ስለሌለ ይሆናል።

ወደ ኮሌጁ እንሂድ። በመጀመሪያ ቁርጡን ልንገርሽ፤ አቋርጠሽ ብትወጪ ዓለም አይደፋም። የሙያ ብቃት ምዘና የሚወስደው ኮሌጅ የጨረሰ ብቻ አይደለም፤ በሥራ ላይ የለመደ ሰውም ቀርቦ መመዘን ይችላል። «ካልጨረስሽ አለቀልሽ» የሚልሽ ካለ እያስፈራራሽ ነው። ግን ከ5 ወር በኋላ በእጅሽ የሚገባውን ዛሬ ጥለሽ፣ ነገ በሌላ በር ልትለምኚው? ሁለት ዓመት ቢቀርሽ ኖሮ ምናልባት ሌላ ነገር እልሽ ነበር። ለ5 ወር ግን፣ እኔን ከጠየቅሽኝ፣ አትውጪ።

450 ብሩን ግን ቀላል አላደርገውም። ቤት ውስጥ የወገብ ሕመምና የ8ኛ ክፍል ተማሪ እያለ «ትዕግሥት ይኑርሽ» ብሎ መምከር ለእኔ ይቀለኛል። ስለዚህ እስቲ ቁጥሩን አብረን እንየው። ጋሼ በወር ውስጥ ስንት ቀን ሥራ አላቸው? የቀን ሥራ በየቀኑ አይገኝም፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ግንባታው ይቀዘቅዛል። በወር 12 ቀን ቢሠሩ 5,400 ብር ነው፤ 22 ቀን ቢሠሩ 9,900። ከዚህ ላይ አሁን ቅዳሜና እሑድ የምታገኚውን ቀንሺ። የቀረው ነው ለ5 ወር ብትቆዪ የሚጎድላችሁ። ያንን በወረቀት አስፍሪው። ምናልባት አንቺ ከምታስቢው ያነሰ ይሆናል፤ ምናልባትም ይበልጣል። ከክፍል ነፃ የምትሆኚበት ከሰዓት ካለ ለጋሼ ንገሪያቸው፤ «ሁሉንም ወይም ምንም» ያሉት እሳቸው ይሁኑ አንቺ ከደብዳቤው አልገባኝም።

አንድ የወንድሜ ልጅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ይኼንኑ ሙያ እየተለማመደ ነው። ቀን ከባለሙያ ጋር ይሠራል፣ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ በሳምንት ሁለት ማታ ክፍል ይገባል። እዚያ ለኤሌክትሪክ ተለማማጅ የተለመደው 8,000 የሥራ ሰዓት ሲሆን፣ ለክፍል የሚመከረው በዓመት ቢያንስ 144 ሰዓት ነው። በአራት ዓመት 576 ሰዓት ክፍል ማለት ነው፤ ከጠቅላላው ከመቶ ሰባት እንኳ አይሞላም። ያቺን ትንሿን ግን አልሰረዟትም። የእኛም ሥርዓት በወረቀት ላይ የሚበዛውን ለተግባር ይሰጣል፤ ከመቶ 70ው ተግባር፣ 30ው ንድፈ ሐሳብ ይላል። አንቺ ያጣሽው እንግዲህ 70ውን ነው። 30ውን አግኝተሻል፤ በደንብ።

ያጣሽውን ደግሞ መጠየቅ ትችያለሽ። ድርጅቱና ኮሌጁ ሲስማሙ የስልጠና ዕቅድ አለ፤ አንቺም የሠራሽውን የምታስፈርሚበት ሎግ ቡክ ይኖርሻል። እስቲ ክፈቺው፤ ሁለት ወር ሙሉ ምን ተጽፎበታል? «ዕቃ ቆጠራ» የሚል ከሆነ ይዘሽው የትብብር ስልጠና አስተባባሪው ዘንድ ሂጂ። ስለ ወንዶቹ አታንሺ፤ የግል ክስ ይመስልባቸዋል። «ምዘናው ላይ ሽቦ እንድዘረጋ እጠየቃለሁ፤ እኔ ግን ስቶር ነበርኩ፤ በቀሩት ወራት ሳይት ልመደብ» በይ፤ ሎግ ቡኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው። ለወርክሾፑም እንዲሁ። 38 ሆናችሁ ስታዩ ማንም አይሠራም። አራት ሆናችሁ ከክፍል ሰዓት በኋላ ቁልፍ ጠይቁ፤ ደብተርሽን የሚያጠኑ ጓደኞች አሉሽ አይደል? አስተማሪ ሁሉ እምቢ አይልም።

እጅሽን የምታፈጥኚበትን ደግሞ ባለሙያው ተነስተው አሳዩኝ። ከኪሳቸው ጣት የምታህል ቁራጭ ሽቦ አወጡና በቢላዋ ልጣጩን ገፈፉት። አንቺ ቢላዋውን ሽቦው ላይ ቀጥ አድርገሽ ዙሪያውን ትቆርጪ ይሆናል፤ ብዙ ጀማሪ እንዲያ ያደርጋል አሉ። እሳቸው ቢላዋውን አጋድመው እርሳስ እንደሚቀረጽ ነው የላጡት። ዙሪያውን ከቆረጥሽ ስለቱ መዳቡን ይነካዋል፤ ጭረት ያለበት መዳብ ደግሞ ሲታጠፍ እዚያው ላይ ይሰበራል። ላጡና ሰጡኝ፣ ጥፍሬን አስሮጥኩበት፤ አንድም ጭረት የለውም። «መቶ ጫፍ ትላጥ፤ ከዚያ እጇን አላውቀውም ብትል እኔ አለሁ» አሉ።

ቤትሽ ውስጥ አንድ ጣውላ ፈልጊ። ከሳይት የተረፈ ቁራጭ ሽቦ ጋሼን ለምኚያቸው፤ አይነፍጉሽም። ጣውላው ላይ አንድ ስካቶላ (የሽቦ መገናኛ ሳጥን)፣ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያ፣ አንድ የአምፖል መያዣ፣ አንድ ሶኬት ምቺበት። ከታችም ከላይም የሚበራ የሚጠፋውን የደረጃ መብራት ሥሪ፤ አፍርሺው፤ እንደገና ሥሪው። ዲያግራሙን ሳታዪ በ20 ደቂቃ እስኪያልቅልሽ። መብራት ግን አትሰኪበት፤ ከኮሌጅ መልቲሜትር ተውሰሽ መገናኘት አለመገናኘቱን በድምፁ ብቻ ፈትሺ። ልምምዱ ላይ 220 ቮልት ምንም አይጨምርልሽም።

ባለሙያው «ይኼን ካልጻፍሽላት ደብዳቤዋን አልመልስልሽም» ያሉት ነገርም አለ። ቴስተር ይዋሻል። ሽቦ ከመንካትሽ በፊት መጀመሪያ መብራት እንዳለው በምታውቂው ሶኬት ሞክሪው፣ ከዚያ የምትሠሪበትን ፈትሺ፣ ከዚያ ተመልሰሽ የመጀመሪያውን እንደገና። ሦስቱንም። ጋሼ ሳይዘጉ የሚሠሩ ከሆነ «እኔ ልዝጋው ጋሼ?» ብለሽ አንቺ ዝጊው። ረዳት ብሬከር ስለዘጋ ማንም አይቆጣም።

ከጋሼም ጋር ያላችሁን ነገር እስቲ በሌላ ዓይን እይው። እሳቸው የሽቦ አሳሳባቸውን ያለ ገንዘብ ሰጡሽ፤ አንቺም የምትሰጫቸው አለሽ። ቀስ እያላችሁ ስትግባቡ፣ እሳቸውም ቀርበው ሊመዘኑ እንደሚችሉ ንገሪያቸው። የ20 ዓመት እጃቸው ተግባሩን አያቅተውም፤ የሚያስፈራቸው የጽሑፉ ጥያቄ ነው፤ እሱ ደግሞ አንቺ ደብተር ላይ አለ። ወረቀትን እንዲህ የሚጠሉት አንድ ቀን ጨረታ ላይ ወይ ቅጥር ላይ ወረቀት አጥተው ተመልሰው ይሆን? አላውቅም፤ ስትቀራረቡ ጠይቂያቸው።

በመጨረሻ እናትሽ። ደብዳቤውን ሳታነቢላት እንደጻፍሽው ነግረሽኛል፤ ይኼን ግን አንብቢላት። ለ5 ወር የሚጎድለውን ብር ያሰፈርሽበትን ወረቀትም አጠገብሽ አድርጊ። ከሁለታችሁ ሌላ የሚያውቅ የለምና፣ ምን ሊቀነስ ምን ሊገፋ እንደሚችል ከእሷ ጋር ነው የምትወስኚው። የሁለቱን ምጣድ ታሪክ ስታነቢላት ቁጥሩን አትዝለዪባት። ቮልትና አምፔሩ ባይገባትም፣ 3,500 ዋት ምን ያህል እንደሚግል በየቀኑ ጎንበስ ብላ የምታውቀው እሷ ናት።